ሁለት ማደሪያ ለዐሥር ሌሊት፦ ቤተሰብ ይዞ የጃፓንን ከተሞች ለመጎብኘት

ከቶኪዮ እስከ ኦሳካ የተዘረጋው የፈጣን ባቡር ሐዲድ 515 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ይህ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ከሚያደርሰው የመኪና መንገድ ጋር የሚቀራረብ ርቀት ሲሆን፣ ጃፓናዊው መንገደኛ ግን ቁርሱን ቶኪዮ በልቶ ቢሳፈር ለምሳ ኦሳካ ይገባል፤ ጉዳዩን ጨርሶም ለእራት ቤቱ መመለስ ይችላል። ልጆቹን ይዞ ጃፓንን ለማየት ያሰበ ሰው በዕቅዱ ላይ የሚሳሳተው በአብዛኛው ይኸው ፍጥነት አታልሎት ነው። ከተማው ሁሉ የጎረቤት ያህል ስለሚቀርበው ቶኪዮን፣ ካናዛዋን፣ ኪዮቶን፣ ናራን፣ ኦሳካንና ሂሮሺማን በዐሥር ቀን ውስጥ ደርድሮ በየሁለት ቀኑ ማደሪያ ይቀይራል፤ ዕቅዱም ወረቀት ላይ ሲታይ እንከን አይወጣለትም። ሆኖም የጃፓን ሆቴሎች እንደ ልማዳቸው የሚያድረውን እንግዳ ረፋድ 10:00 ወይም 11:00 ላይ አስወጥተው አዲሱን የሚቀበሉት በ24 ሰዓት አቆጣጠር 15:00 ላይ በመሆኑ፣ ሁለት ልጆች፣ ሦስት ሻንጣና አንድ የሕፃን ጋሪ የያዘ ቤተሰብ ከተማ በቀየረ ቁጥር ሻንጣ ሲያስር፣ ሲጎትትና ሲፈታ ቀኑ ይመሽበታል።

ለቤተሰብ የሚመቸው ዕቅድ ሁለት ማደሪያ ብቻ ያለው ነው፤ አንደኛው ቶኪዮ፣ ሁለተኛው ካንሳይ ውስጥ። ካንሳይ የሚባለው ኪዮቶን፣ ኦሳካን፣ ናራንና ኮቤን የሚያቅፈው የአገሪቱ ክፍል ሲሆን፣ ከኪዮቶ ኦሳካ ተጨማሪ ክፍያ በማይጠይቀው ፈጣን የከተማ ባቡር ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ከኪዮቶ ናራ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በታች ስለሚወስድ፣ ከነዚህ በአንዱ ያደረ ቤተሰብ ሌሎቹን ሁሉ ባዶ እጁን ሄዶ ማታ መመለስ ይችላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢንቾን በኩል የሚበረው ከቶኪዮ ማእከል 60 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ናሪታ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። በርሱ የሚጓዝ ቤተሰብ መነሻውም መመለሻውም ቶኪዮ ስለሆነ፣ አራት ሌሊት ቶኪዮ፣ አራት ሌሊት ካንሳይ፣ በመጨረሻም ሁለት ሌሊት በዚያው በመጀመሪያው የቶኪዮ ሆቴል ማደር ሸክም ያቀልላል። ብዙ ሆቴሎች ተመልሶ የሚያድር እንግዳን ትልልቅ ሻንጣ ስለሚያቆዩ፣ ወደ ካንሳይ የሚሄደው የአራት ቀን ልብስ ብቻ ይሆናል።

ከተማ ከመምረጥ በፊት ግን ወሩ መመረጥ አለበት። የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉት በክረምት፣ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ወገኖች ልጆችም የሚያርፉት በነዚያው ወራት በመሆኑ፣ አብዛኛው ቤተሰብ ሐምሌንና ነሐሴን ለመያዝ ይገደዳል፤ ይህ ደግሞ የጃፓንን ከተሞች በእግር ለማየት ከዓመቱ ሁሉ የከፋው ጊዜ ነው። ጹዩ የተባለው የዝናብ ወቅት በቶኪዮ አካባቢ ከግንቦት መጨረሻ ገደማ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ይዘልቃል፤ እርሱ ሲያባራ ሙቀቱ ይተካል። በተራሮች የተከበበችው ኪዮቶ በነሐሴ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀቷ በአማካይ ከ33 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ነው፤ አየሩም እርጥበት የጠገበ ስለሆነ ጥላ ሥር መቆም እንኳ እምብዛም አያሳርፍም። ክረምትን በሹራብና በጃንጥላ የሚያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ እንዲህ ባለ አየር ከሁለት ሰዓት በላይ ቤተ መቅደስ ለቤተ መቅደስ እንዲዞር መጠበቅ ልጁንም ወላጁንም ማስቀየም ነው። ስለዚህ በክረምት የሚሄድ ቤተሰብ ጧቱንና ምሽቱን ለደጅ፣ እኩለ ቀኑን ለቤተ መዘክርና ለዓሣ ማሳያ መመደብ ይኖርበታል።

በዚሁ ወቅት የሟች ዘመዶች ነፍስ ቤቷን ትጎበኛለች ተብሎ የሚታመንበት የኦቦን በዓል አለ፤ ከነሐሴ 7 እስከ 10 ባለው ጊዜ ከተሜው ሁሉ ወደ ትውልድ ቀዬው ስለሚጎርፍ የባቡር ወንበር ይጠፋል። ከሚያዝያ 21 እስከ 27 ባሉት ቀናት በዓላት ተከታትለው የሚውሉበት «ወርቃማ ሳምንት» እና የአውሮፓውያኑ አዲስ ዓመት መግቢያም እንዲሁ ናቸው። የወርቃማው ሳምንት ማብቂያ የጃፓን የልጆች ቀን ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የአርበኞች መታሰቢያ በሚከበርበት በሚያዝያ 27 መዋሉ የሁለቱ አቆጣጠሮች ግጥምጥሞሽ ነው። ቀን የመምረጥ ነጻነት ያለው ቤተሰብ የቼሪ አበባ ከሚፈነዳበት ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መግቢያ፣ ወይም የኪዮቶ ዛፎች ቅጠል በሚቀላበት በኅዳር ቢሄድ ዐይኑ ይጠግባል፤ ነገር ግን ሌላውም ሰው ይህንኑ ስለሚያውቅ የማደሪያ ዋጋ የሚሰቀለው በነዚሁ ሳምንታት ነው።

ሰዓትን በሚመለከት ለኢትዮጵያውያን ብቻ የሚሠራ አንድ ነገር አለ። ጃፓን ከኢትዮጵያ በስድስት ሰዓት ትቀድማለች፤ የኢትዮጵያ የሰዓት አነጋገር ደግሞ ቀኑን ከንጋት ስለሚቆጥር ከሌላው ዓለም አነጋገር በስድስት ሰዓት ያንሳል። ሁለቱ ስድስቶች ተደምረው ዐሥራ ሁለት ስለሚሆኑ፣ አዲስ አበባ ላይ ከጧቱ 3 ሰዓት የሚያሳይ የእጅ ሰዓት፣ በዚያችው ቅጽበት ቶኪዮ ላይ ከቀትር በኋላ 3 ሰዓት፣ ማለትም 15:00 መሆኑን በትክክል ያሳያል። በሀገሩ አቆጣጠር የተሞላ ሰዓት ያሰረ መንገደኛ ናሪታ ሲወርድ ቆጣሪውን ማዞር አያስፈልገውም። የሚዞረው ሰውነት ነው፤ ቶኪዮ ጧት 7:00 ሲል የልጁ ሰውነት የሚያውቀው የአዲስ አበባን ሌሊት 7 ሰዓት ስለሆነ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ጧቶች ልጆቹ እንቅልፍ አይለቃቸውም፤ ማታ ደግሞ እንቢ ይላቸዋል። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚነሡትም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ከዋሽንግተን የሚመጣው ቤተሰብ ተቃራኒው ይገጥመዋል፤ በበጋ ሰዓት አቆጣጠር ልዩነቱ 13 ሰዓት ስለሆነ ልጆቹ ጎሕ ሳይቀድ ነቅተው ቁጭ ይላሉ። ለነርሱ የሚበጀው ግቢው ምንጊዜም የማይዘጋውን፣ ቀን ላይ በሰው የሚጨናነቀውን የአሳኩሳውን ሴንሶጂ ቤተ መቅደስ ማልዶ ማየት ነው፤ ከአዲስ አበባ የመጣው ግን ከ10:00 በፊት አንድም ቀጠሮ መያዝ የለበትም።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ተጓዥ ቪዛ የሚጠይቀው አዲስ አበባ በሚገኘው የጃፓን ኤምባሲ ሲሆን፣ ከሚቀርቡት ሰነዶች አንዱ የቆይታ መርሐ ግብር ነው፤ ይኸውም እያንዳንዱ ቀን የት እንደሚዋልና የት እንደሚታደር በሰንጠረዥ የሚጻፍበት ወረቀት ነው። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ያላቸው ወገኖች እስከ 90 ቀን ለሚደርስ ጉብኝት ቪዛ አይጠየቁም፤ ቢሆንም ይህን ሰንጠረዥ ለራሳቸው ቢሞሉት የሚጎዱበት የለም፤ በአንድ ቀን ስንት ነገር እንደተጨናነቀ ከሰንጠረዡ በላይ የሚያጋልጥ የለምና።

ሺንካንሰን፣ ትርጉሙ «አዲስ ዋና መስመር» የሆነው ፈጣን ባቡር፣ በቶኪዮና በኦሳካ መካከል ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 1964 ነው። ዛሬ በዚህ መስመር ላይ ሦስት ዓይነት ባቡር ይመላለሳል፤ ኖዞሚ የሚቆመው በታላላቅ ከተሞች ብቻ ስለሆነ ከቶኪዮ ኪዮቶ በሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይደርሳል፤ ሂካሪ ጥቂት ጣቢያ ይጨምራል፤ ኮዳማ በሁሉም ይቆማል። ለውጭ ጎብኚዎች የሚሸጠውና በአገር አቀፉ የባቡር መረብ እንደልብ ለመሳፈር የሚያስችለው የሰባት ቀን ማለፊያ እስከ እ.ኤ.አ. መስከረም 2023 ድረስ 29,650 የን ነበርና ሳያስቡ መግዛት ያዋጣ ነበር፤ በቀጣዩ ወር ዋጋው 50,000 የን ገባ። የቶኪዮና የኪዮቶ ደርሶ መልስ 28,000 የን ያህል ስለሚፈጅ፣ ከላይ በተገለጸው ዓይነት ዕቅድ የሚጓዝ ቤተሰብ ትኬቱን በየጉዞው ቢቆርጥ ይረክስለታል። የድሮ መመሪያ መጽሐፍ ይዞ ማለፊያውን የሚገዛ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያፈሳል። ከ6 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆች በግማሽ ዋጋ ይሳፈራሉ፤ ከዚያ በታች ያሉት፣ ለአንድ አዋቂ እስከ ሁለት ድረስ፣ የራሳቸውን ወንበር ካልያዙ በነጻ ይሄዳሉ።

የባቡሩ መደበኛ ፉርጎ በረድፍ አምስት ወንበር አለው፤ ከመተላለፊያው በአንድ ወገን ሦስት፣ በሌላው ሁለት። ሁለትና ሦስት ሲደባለቁ ከአንድ በላይ የሆነን ማንኛውንም ቁጥር ስለሚሰጡ፣ አራትም ሆነ ሰባት ሰው አብሮ ቢጓዝ ከመካከሉ ማንም ባዕድ አጠገብ ሳይቀመጥ ሊደለደል ይችላል። አባትዬው ከወንበሩ ሥር ያለውን መርገጫ ረገጥ አድርጎ ጥንዱን ወንበር ሲያዞረው፣ ፊትና ኋላ የነበሩት ሁለት ረድፎች ፊት ለፊት ይተያዩና ቤተሰቡ እንደ ማዕድ ይከባል፤ ኤኪቤን የሚባለው፣ በየጣቢያው የሚሸጥ የምሳ ሣጥንም የሚከፈተው ያኔ ነው። ከቶኪዮ ወደ ኪዮቶ ለሚሄድ ሰው በስተቀኝ ባለው መስኮት በኩል፣ «ኢ» ተብሎ ምልክት የተደረገበት ወንበር ላይ፣ ከተነሡ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሰማዩ ጥርት ካለ 3,776 ሜትር የሚረዝመው የፉጂ ተራራ ይታያል። ልጁን ቀስቅሶ ማሳየት የወላጅ ፈንታ ነው፤ ባቡሩ አይጠብቅም። ኪዮቶ ላይም የሚቆመው ሁለት ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የሕፃን ጋሪ የያዘ ቤተሰብ ማስታወቂያው እንደተሰማ ዕቃውን ሰብስቦ በሩ ላይ ካልቆመ ቀጣዩ መውረጃ ኦሳካ ይሆናል።

በዚሁ መስመር ላይ ርዝመቱ፣ ወርዱና ቁመቱ ተደምሮ ከ160 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ሻንጣ ቦታው ከወንበር ጋር አስቀድሞ ካልተያዘለት ቅጣት ያስከፍላል። ጃፓኖቹ ራሳቸው ሻንጣ ይዘው ከመንገላታት ይልቅ ታክዩቢን በሚባለው የቤት ለቤት መልእክት ይልኩታል፤ ጧት ሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ላይ የተሰጠ ሻንጣ በአብዛኛው በማግስቱ የሚቀጥለው ሆቴል ይደርሳል።

ማደሪያን ያየን እንደሆነ፣ አንድ ቤተሰብ የሚቸገረው የጃፓን ሆቴል ክፍል ለሁለት ሰው ተለክቶ የተሠራ፣ ዋጋውም በሰው ቁጥር የሚሰላ በመሆኑ ነው። አራት ሰው የሚይዝ ክፍል ጥቂት ስለሆነ ቀድሞ ያልቃል። ሪዮካን የሚባለው ባህላዊ ማደሪያ ግን ለቤተሰብ የተፈጠረ ይመስላል፤ ወለሉ ታታሚ በተባለ የሣር ምንጣፍ የተሸፈነ ሲሆን፣ ቀን ላይ ዝቅተኛ ጠረጴዛ ብቻ ይቀመጥበታል፤ ማታ ሠራተኞች ፍራሾችን ጎን ለጎን ያነጥፉና ሁሉም እንደ ገጠር መደብ በአንድ ላይ ይተኛል። ዋጋው ስለሚወደድ አንድ ሌሊት ይበቃል። ትንንሽ ልጆች ከወላጅ ጋር በአንድ አልጋ ቢተኙ ብዙ ሆቴሎች አያስከፍሉም፤ የዕድሜው ጣሪያ ግን ከሆቴል ሆቴል ስለሚለያይ ቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

ኪዮቶ እ.ኤ.አ. ከ794 ጀምሮ ከሺህ ዓመት በላይ የንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫ የነበረች ከተማ ናት፤ ለአዋቂ የማትጠገብ፣ ለልጅ ግን ከሦስተኛው ቤተ መቅደስ በኋላ ሁሉም አንድ የሚሆንባት። ወላጅ ሊጠነቀቅ የሚገባው ከዚህ ነው፤ መመረጥ ያለበት በዐይን ብቻ የማይታይ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1603 የተሠራው የኒጆ ግንብ መተላለፊያው ወለል ሲረገጥ እንደ ወፍ ይንጫጫል፤ ከሳንቃው ሥር ያሉት ብረቶችና ምስማሮች በእግር ክብደት ስለሚፋተጉ ነው። ጫማውን ያወለቀ ልጅ በካልሲ እያዘገመ፣ ወለሉን ሳያሰማ ለማለፍ ሲሞክርና ሲያቅተው፣ ስለ ሾጉኖች፣ ማለትም በንጉሡ ስም አገሩን ይገዙ ስለነበሩት የጦር አለቆች፣ ከማንኛውም ገለጻ የበለጠ ይገባዋል። በከተማዋ የሚገኘው የባቡር ቤተ መዘክርም እውነተኛ የእንፋሎት ባቡሮች ያሉበት ስለሆነ ለእኩለ ቀን ሙቀት መሸሻ ይሆናል። የከተማ አውቶቡሱ ግን በጎብኚ ከመጨናነቁ የተነሣ ነዋሪው ስለሚያማርር፣ አስተዳደሩ የአውቶቡስ ብቻ የነበረውን የቀን ትኬት አስቀርቶ ጎብኚውን ወደ ምድር ባቡሩ እየመራ ነው። ጌይሻ የሚባሉት፣ በባህላዊ ዘፈንና ጭፈራ እንግዳ የሚያስተናግዱ ሴቶች በሚኖሩበት በጊዮን ሠፈር ደግሞ የግል ቅያሶች ውስጥ መግባት እ.ኤ.አ. ከ2024 ወዲህ 10,000 የን ያስቀጣል፤ ሴቶቹን ለፎቶ ያሳድዷቸው የነበሩ ጎብኚዎች ያመጡት ጣጣ ነው።

ናራ በግማሽ ቀን የምትታይ፣ ምናልባትም ልጆች ከጃፓን ሁሉ አስበልጠው የሚያስታውሷት ከተማ ናት። ከኪዮቶ በፊት እ.ኤ.አ. ከ710 እስከ 784 ዋና ከተማ ሆና ስታገለግል የተሠራው የቶዳይጂ ቤተ መቅደስ 15 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የነሐስ ቡድሃ ይዟል፤ ከቡድሃው ኋላ ካሉት ምሰሶዎች አንዱ ከሥሩ ተበስቷል፤ ቀዳዳው የሐውልቱን የአፍንጫ ቀዳዳ ያህላል ይባላል፤ ልጆች ተሰልፈው በደረታቸው እየተሳቡ ያልፉበታል። ሰፋ ያለ ትከሻ ያለው አባት ባይሞክረው ይሻላል። በደጁ መናፈሻ ከሺህ በላይ አጋዘኖች ያለ አጥር ይዘዋወራሉ፤ ለነርሱ ተብሎ የሚሸጠውን ብስኩት ያየ አጋዘን አንገቱን ደፋ ቀና እያደረገ እጅ ይነሣል፤ ብስኩቱን ይዞ የሚያዘገይ ልጅ ግን ልብሱን ይነከሳል። ኦሳካ ደግሞ ግዙፉ ዌል ሻርክ የሚዋኝበት ካይዩካን የተባለው የዓሣ ማሳያና የዶቶንቦሪ የመንገድ ላይ ምግብ ከሁሉም በላይ ስሟን ያስጠሩላት የነጋዴ ከተማ ናት። ቶኪዮ በተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ በግራ ይቆማል፤ ኦሳካ በቀኝ። ምክንያቱን ኦሳካዎቹም እርስ በርስ ይከራከሩበታል።

ሂሮሺማ ከኦሳካ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ስለሆነች ለደርሶ መልስ ትመቻለች፤ ልጅ ይዞ የመሄዱ ነገር ግን ማሰብ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 6 ቀን 1945 ጧት 8:15 ላይ የወደቀው አቶሚክ ቦምብ ያተረፈው ሁሉ በሰላም መታሰቢያ ቤተ መዘክሩ ውስጥ አለ፤ የተቃጠለ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የከሰለ የምሳ ዕቃ፣ የሦስት ዓመት ሕፃን ሲጫወትባት የነበረች ባለ ሦስት እግር ብስክሌት። ከዐሥር ዓመት በታች ያለ ልጅ ይህን ከሚያይ በደጁ መናፈሻ፣ የሳዳኮ ሳሳኪ መታሰቢያ ዘንድ ቢቆም ይበቃዋል። ሳዳኮ ቦምቡ ሲወድቅ የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ በ12 ዓመቷ በደም ካንሰር ሞተች፤ ታማ ሳለች ከወረቀት ያጠፈቻቸው ሽመላዎች ዛሬ ከመላው ዓለም ልጆች በሚልኳቸው ብዙ ሺህ ሽመላዎች ተተክተዋል።

ምግብ ለኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ከባቡሩ ይልቅ የሚያሳስብ ነው። ራመን የተባለው የኑድል ሾርባ አብዛኛውን ጊዜ ከአሳማ አጥንት ወይም ሥጋ ስለሚሠራ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሊጠይቅ ይገባዋል። ሥጋ የሌለበት የሚመስለው የአትክልት ምግብም ዳሺ በሚባለው፣ ከደረቀ ዓሣና ከባሕር አረም በሚወጣ መረቅ ይቀቀላል፤ ዓሣ የማይበላ ጿሚ ይህን ካላወቀ ሳይታወቀው ይገድፋል። መፍትሔው ሾጂን ሪዮሪ ነው፤ የቡድሃ መነኮሳት ገበታ ሲሆን ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት የለበትም፤ በኪዮቶ ቤተ መቅደሶች ውስጥ ይቀርባል። በነሐሴ የሚጓዝ ቤተሰብ ጾመ ፍልሰታን የሚያሳልፈው በዚሁ ወቅት ስለሆነ፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራውን የቶፉ ምግብ ቢለምድ ጾሙም ጉዞውም አይጋጩም። ሙስሊም ቤተሰብ ደግሞ በቶኪዮ የዮዮጊ ኡኤሃራ ሠፈር የሚገኘውን፣ እ.ኤ.አ. በ2000 እንደገና የታነጸውን ታላቅ መስጊድ ማወቁ ይጠቅመዋል።

ከካንሳይ መልስ ያለው የመጨረሻው ሙሉ ቀን ለምዕራብ ቶኪዮ ቢተው ደስ ያሰኛል። ሺንካንሰን ሥራ በጀመረ 20 ቀን ቆይቶ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 1964)፣ አበበ ቢቂላ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ባደረገ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የቶኪዮውን የኦሎምፒክ ማራቶን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ አሸንፎ፣ የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሩጫው ከብሔራዊው ስታዲየም ተነሥቶ ኮሹ ካይዶ በተባለው ጥንታዊ ጎዳና ወደ ምዕራብ ይዘልቅና ቾፉ ላይ ይመለስ ነበር፤ መመለሻው ቦታ ቶቢታክዩ ጣቢያ አጠገብ ዛሬም ምልክት ቆሞለታል። ከሺንጁኩ በኬዮ መስመር የተሳፈሩ ልጆች ጣቢያዎቹን እየቆጠሩ ሲሄዱ፣ ይህ ሁሉ የሩጫው ግማሽ ብቻ መሆኑ ይነገራቸው።

ከቾፉ አጎራባች በሆነችው ሚታካ የሃያኦ ሚያዛኪ የካርቱን ፊልሞች የሚታዩበት የጂብሊ ቤተ መዘክር አለ፤ ውስጡ ፎቶግራፍ ማንሣት የተከለከለ ሲሆን፣ ቶቶሮ ከተባለው ፊልም የወጣው ባለ ፀጉሩ የድመት አውቶቡስ ላይ ለመውጣት የሚፈቀደው ለልጆች ብቻ ነው። ትኬቱ በር ላይ አይገኝም። የሚሸጠው ለቀጣዩ ወር ሲሆን፣ ሽያጩ በየወሩ በ10ኛው ቀን፣ በጃፓን ሰዓት ጧት 10:00 ላይ ይከፈታል፤ አዲስ አበባ ላይ ያኔ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው።